ቀለበቱ ነጭ ነው ወይስ ቢጫ?



ውድ አንባብያን፣ ወርቅን በተመለከተ ሕዝባችን የቆየ ዕውቀት አለው። እናቶቻችን ቀለበትን በመዳፋቸው አንስተው ክብደቱን ይገምታሉ፤ 18 ካራቱን ከ21 ካራቱ በመልኩ ይለያሉ፤ የግራሙን ዋጋ ከባለ ሱቁ ባልተናነሰ ያውቃሉ። አልማዝ ግን ለብዙው ቤተሰባችን አዲስ እንግዳ ነው። ስሙን እንጂ ድንጋዩን አናውቀውም ነበር። ከዐረብኛው «አልማስ» የመጣውን ይህን ስም ለሴት ልጆቻችን ስናወጣ ኖረናል፤ ድንጋዩን በእጁ ይዞ ያየው ግን ከመካከላችን ስንቱ ነው?

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። በዱባይ፣ በጅዳ፣ በዋሽንግተንና በሌሎችም ከተሞች ሠርተው የሚኖሩ ወንድሞቻችን ኒካሕ ሲያስቡ ለእጮኞቻቸው የአልማዝ ቀለበት ይዘው ወይም ልከው ይመጣሉ። ከቀለበቱ ጋር አንድ ወረቀት አብሮ ይመጣል። በወረቀቱ ላይ ቁጥሮችና ፊደሎች አሉ። ከእነዚያ ፊደሎች አንዷ የድንጋዩን ቀለም የምትናገር ናት። ወርቅን ያለ አስተማሪ የምታውቅ እናት በዚህች አንዲት ፊደል ፊት ግራ ትጋባለች፤ ግራ የተጋባ ሰው ደግሞ የሰማውን ሁሉ ያምናል። ባለ ሱቅ የነገረውን ያምናል፤ ጎረቤት የነገረውን ያምናል። በዚህ መሐል የሚጎዳው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ክብርም ይጎዳል፤ ሊጋቡ ባሰቡ ሁለት ሰዎች መካከልም ጥርጣሬ ይገባል።

እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በአዲስ አበባ በወርቅ ሥራ ላይ ነው። ወርቅ አቅልጫለሁ፤ ቀለበት አስፍቻለሁ፤ አጥብቤአለሁ፤ ከጥፍሩ የወለቀ ድንጋይ መልሼ አስቀምጫለሁ። አልማዝ በብዛት በእጄ መግባት የጀመረው በኋለኞቹ ዓመታት ነው። ስለ ቀለሙ የማውቀውን እዚህ የምጽፈው ሰው ሁሉ አልማዝ ይግዛ ብዬ አይደለም። አልማዝ የማይገዛ ሰው አንዳች አልጎደለበትም። የሚገዛው ግን የሚገዛውን ነገር ያውቅ ዘንድ፣ የሚቀበለውም የተቀበለውን ያውቅ ዘንድ ነው።

ነገሩን ለመጻፍ ያነሳሳኝ በራሴ ዘመዶች መካከል የሆነ ጉዳይ ነው። የእኅቴ ልጅ ዱባይ ለሚሠራ አንድ ወጣት ታጭታ ነበር። ሽማግሌዎች ሄደው መጥተዋል፤ መህሩ ተነጋግሮበታል፤ የኒካሑ ቀን ለሸዋል ወር ተቆርጧል። ልጁ ከደይራ የወርቅ ገበያ ገዝቶ የላከው ቀለበት በዘመድ እጅ ደረሰ። ቢጫ ወርቅ ላይ የተቀመጠች ክብ አልማዝ፣ ግማሽ ካራት የምትመዝን ናት። ሴቶቹ ተሰብስበው እልል አሉ፤ ቀለበቱም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በዚህ መካከል የልጅቱ የአባቷ እኅት ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡ። የራሳቸው ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት አልማዝ ተቀብላ ስለነበር ወረቀት ማንበብ ያውቃሉ። የቀለሙን ቦታ ጣታቸውን አስደግፈው ካዩ በኋላ «ይሄ ኬ ነው፤ የልጄ ኤፍ ነበር። ኬ ማለት እኮ ቢጫ ነው፤ ርካሹን ነው የላከላት» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ክፉ አስበው የተናገሩት አይደለም፤ ለወንድማቸው ልጅ ተቆርቁረው ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ ከቤቱ ወጣ። በማግሥቱ የልጁ እናት ጆሮ ደረሰ። እሳቸውም በበኩላቸው «ልጄ በሰው አገር በሙቀት ተቃጥሎ ያጠራቀመውን እንዲህ ተባለበት?» ብለው አዘኑ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ መጡ። «አንተ የሙያው ሰው ነህ፤ እውነቱን ንገረን፤ ልጁ ተታልሏል? ወይስ አታልሏል?» አሉኝ።

ውድ አንባብያን፣ ለሽማግሌዎቹ የሰጠሁትን መልስ ከመንገሬ በፊት የአልማዝ ቀለም ምን እንደሆነ ማስረዳት ይገባኛል።

አልማዝ ከካርቦን የተሠራ ነው፤ በከሰልና በእርሳስ ውስጥ ያለው ያው ካርቦን ነው። አላህ (ሱ.ወ) ከምድር ገጽ በታች ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ሥፍራ፣ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ውስጥ፣ ቅንጣቶቹን አጥብቆ አሰናስሎ ፈጠረው። ብዙዎቹ አልማዞች ከቢልዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ናቸው። ካርቦኑ ፍጹም ንጹሕ ቢሆን ድንጋዩ እንደ ጥሩ ውኃ ቀለም የለሽ ይሆናል። አብዛኛዎቹ አልማዞች ሲፈጠሩ ግን ጥቂት ናይትሮጅን ይገባባቸዋል፤ ይህም የምንተነፍሰው አየር ትልቁ ክፍል የሆነው ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅኑ ከብርሃኑ ውስጥ ሰማያዊውን ወገን ይውጣል፤ ለዓይናችን የሚተርፈውም ወደ ቢጫ ያደላል። ስለዚህ የአልማዝ ቢጫነት ቆሻሻ አይደለም፤ በሽታም አይደለም፤ ታጥቦም አይለቅም። ናይትሮጅን ሳይኖር ቦሮን የገባበት ሰማያዊ ሊሆን ይችላል፤ በተፈጥሮ ጨረር የተመታው አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፤ የውስጡ አሰላለፍ በግፊት የተዛባውም ቡናማ ይሆናል።

የአልማዝ ቀለም የሰውን ዓይን የሳበው ዛሬ አይደለም። የእስልምናው ዓለም ሊቃውንት ስለ ከበሩ ድንጋዮች ኪታቦች ጽፈዋል። በ11ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው አል-ቢሩኒ ስለ ጌጣጌጥ ድንጋዮችና ስለ ማዕድናት ሰፊ መጽሐፍ ትቶልናል፤ የድንጋዮችንም ክብደት ከውኃ ጋር እያነጻጸረ ለክቷል። በ1253 እ.ኤ.አ ያረፈው አት-ቲፋሺም 25 የድንጋይ ዓይነቶችን ለየብቻቸው ዘርዝሮ ጽፏል፤ አልማስም ከእነርሱ አንዱ ነው። በዚያ ዘመን የዓለም አልማዝ በአመዛኙ ከሕንድ ይመጣ ነበር። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ብራዚል ተጨመረች። በ1867 እ.ኤ.አ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ በኦሬንጅ ወንዝ አካባቢ አልማዝ ተገኘ። ከዚያ አገር ብዙ ቢጫማ ድንጋዮች ስለ ወጡ ነጋዴዎች ቢጫማውን ሁሉ «ኬፕ» ብለው መጥራት ጀመሩ።

የንግዱ ቋንቋ ለረጅም ጊዜ የተዘበራረቀ ነበር። አንዱ ነጋዴ የእኔ «ኤ» ነው ይላል፤ ሌላው «ኤ» የተባለውን ለመብለጥ የእኔ «ድርብ ኤ» ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ሰማያዊ ነጭ» ይላል። ገዢው ማንን ይመን? በ1931 እ.ኤ.አ የተቋቋመው የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም፣ በአጭሩ ጂ.አይ.ኤ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ አንድ ወጥ መለኪያ አወጣ። የቀድሞዎቹ «ኤ»፣ «ቢ» እና «ሲ» በነጋዴ አፍ ተበላሽተው ስለነበር ተቋሙ እነርሱን ትቶ ከ«ዲ» ጀመረ። ብዙ ሰው «ዲ» ሲባል በትምህርት ቤት የምናውቀው ዝቅተኛ ውጤት ይመስለዋል፤ በአልማዝ ግን «ዲ» ከሁሉ የላቀው፣ ፍጹም ቀለም የለሹ ነው።

ከ«ዲ» እስከ «ኤፍ» ያሉት ቀለም የለሽ ይባላሉ። ከ«ጂ» እስከ «ጄ» ያሉት ለቀለም የለሽ የቀረቡ ናቸው። ከ«ኬ» እስከ «ኤም» በጣም ደብዛዛ ቀለም አላቸው። ከ«ኤን» በኋላ ቢጫነቱ ወይም ቡናማነቱ እየጎላ ሄዶ «ዜድ» ላይ ይቆማል። ከ«ዜድ» አልፎ ደማቅ ቢጫ የሆነው ድንጋይ ደግሞ ውድቅ አይደለም፤ ባለ ልዩ ቀለም ተብሎ በሌላ መለኪያ ይመዘናል፤ ዋጋውም መልሶ ይወጣል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ጥቂት ቢጫ ሲሆን ዋጋ የሚቀንስበት፣ እጅግ ቢጫ ሲሆን ዋጋ የሚጨምርበት ገበያ ነው። ይህ የሚያሳየን ዋጋው የውበት ሚዛን ሳይሆን ብርቅ የመሆን ሚዛን እንደሆነ ነው። «ዲ» የሚወደደው ጥቂት ስለሆነ ነው።

ደረጃው የሚሰጠው እንዴት ነው? ባለሙያው ድንጋዩን ገና በወርቅ ሳይታሰር፣ በነጭ ገበታ ላይ ፊቱን ወደ ታች ደፍቶ፣ በተወሰነ ብርሃን ሥር፣ ደረጃቸው ከታወቀ መለኪያ ድንጋዮች ጎን እያስቀመጠ ያነጻጽራል። ፊቱን የሚደፋውም ያለ ምክንያት አይደለም። አልማዝ በፊቱ በኩል ሲታይ ብርሃኑን እየመለሰ ስለሚያብረቀርቅ የገላው ቀለም ይሸፈናል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ያለችው ፊደል በጣት ላይ የሚታየውን መልክ አትናገርም፤ ተገልብጦ በባለሙያ ዓይን የታየውን ትናገራለች። ሁለቱ ይለያያሉ።

ወደ ቤተሰባችን ጉዳይ ልመለስ። ለሽማግሌዎቹ «ሁለቱን ቀለበቶች አምጡልኝ፤ አክስትየውም ይምጡ» አልኳቸው። ከዙሁር ሰላት በኋላ በእኅቴ ቤት ተሰበሰብን። ነጭ ወረቀት አጥፌ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው መስኮት አጠገብ አስቀመጥኩ። ሁለቱን ቀለበቶች ጎን ለጎን ደፍቼ «እትዬ፣ ይመልከቱ» አልኳቸው። ልዩነት ነበረ። የእሳቸው ልጅ ድንጋይ እንደ ውኃ ነው፤ የላከው ልጅ ድንጋይ ደግሞ አንዲት የማር ጠብታ የገባችበት ውኃ ይመስላል። «ይኸው! አላልኳችሁም?» አሉ። «እውነት ብለዋል» አልኳቸው፤ «ወረቀቱም እውነት ብሏል። ሆኖም ከሚያዩት ቢጫ የተወሰነው የወርቁ ጥላ ነው፤ የልጅዎ ድንጋይ ነጭ ወርቅ ላይ ነው ያለው፤ ይሄኛው ቢጫ ወርቅ ላይ ነው።»

ቀጥሎ ሁለቱንም ቀለበቶች በሁለቱ ልጆች ጣት ላይ አድርገን ቤቱ መካከል አቆምናቸው። ሰው ሌላ ሰውን ሲያነጋግር በሚቆምበት ርቀት ቆመን እያየን «ቢጫው የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የአክስትየውን ልጅ አመለከቱ። ሌላው ሳቁና «ሁለቱም ያበራሉ፤ እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ። አክስትየው ለረጅም ጊዜ አዩና «ቅርብ ካልሆነ አይለይም» አሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ያዩትን አልካዱም።

ምክንያቱን አስረዳኋቸው። አንደኛ፣ ድንጋዩ በቢጫ ወርቅ ሲከበብ የራሱ ጥቂት ቢጫነት ከወርቁ ጋር ይስማማል፤ ዓይን ከወርቁ ጋር እያነጻጸረ ነጭ አድርጎ ያየዋል። ያው ድንጋይ በነጭ ወርቅ ወይም በፕላቲነም ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ቢጫነቱ ይጎላ ነበር። ስለዚህ ነጭ ወርቅ የሚመርጥ ሰው ከ«ጄ» ባይወርድ ይሻለዋል፤ ቢጫ ወርቅ የሚመርጥ ግን «ኬ» እና «ኤል» ሳይቀር ያምሩለታል። በተቃራኒው «ዲ» ገዝቶ በቢጫ ወርቅ ማሰር ገንዘብን ማባከን ነው፤ የወርቁ መልክ በድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ያን የተከፈለበትን ነጭነት ይሸፍነዋል። ሁለተኛ፣ ድንጋዩ ትንሽ በሆነ መጠን ቀለሙ ይደበቃል፤ በትልቅ ድንጋይ ላይ ይጎላል። ሦስተኛ፣ በክብ ቅርጽ ብዙ ገጽ ወጥቶለት በሚገባ የተቆረጠ ድንጋይ ብርሃንን አብዝቶ ስለሚመልስ ቀለሙን ይሸፍናል፤ ረጃጅም ደረጃ መስለው የተቆረጡት አራት ማዕዘን ቅርጾች ግን ቀለማቸውን ያሳያሉ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እንግዲያ ልጁ ይህን ሁሉ አውቆ ነው የገዛው?» ሲሉ ጠየቁ። ስልክ ተደወለለት። ልጁ በአክብሮት ሰላምታ ካቀረበ በኋላ እንዲህ ሲል አስረዳ፦ ባለ ሱቁ መጀመሪያ በነጭ ወርቅ «ኤፍ» አሳየው፤ ዋጋው ካሰበው በጣም አለፈ። ተበድሮ እንዲገዛ፣ ቀሪውን በየወሩ እንዲከፍል ተነገረው። እሱም «ዕዳ ይዤ ኒካሕ አልገባም» ብሎ ቢጫ ወርቅ ላይ ያለችውን ጠየቀ። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የአራት ወር የቤት ኪራይ ሆነ። ከመግዛቱ በፊት ለእጮኛው ደውሎ ፊደሏን፣ ክብደቱንና ዋጋውን አንድ በአንድ ነገራት።

ሁላችንም ወደ ልጅቱ ዞርን። አንገቷን ደፍታ «አዎ አጎቴ፣ ነግሮኛል። ኬ መሆኑን አውቃለሁ። ተስማምቼ ነው» አለች። ከዚህ በኋላ ሌላ ምስክር አላስፈለገም። ልጁ አልተታለለም፤ አላታለለምም። አክስትየው ተነሥተው የልጅቱን ግንባር ሳሙ፤ ለልጁ እናትም በዚያው ቀን ደወሉላቸው።

ውድ አንባብያን፣ የነገሩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ያ ቀለበት ንጹሕ የሆነው በፊደሏ አይደለም፤ በመነገሯ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሻጭና ገዢ እውነት ከተነጋገሩና የዕቃውን ሁኔታ ከገለጹ በንግዳቸው በረካ እንደሚሰጣቸው፣ ከደበቁና ከዋሹ ግን በረካው እንደሚጠፋ አስተምረውናል። ይህ ለገበያ የተነገረ ነው፤ በባልና በሚስት መካከል ደግሞ የበለጠ ይገባል። «ኬ»ን «ኬ» ብሎ የሰጠ ሰው ከ«ጄ»ም ከ«ኤች»ም የበለጠ ሰጥቷል። «ኬ»ን «ጂ» ብሎ የሰጠ ግን ድንጋዩ ቢያበራም ጨለማ ይዞ ገብቷል።

እንዲህ ያለው ማታለል መኖሩንም ልሰውር አልሻም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እኅት ቀለበቷን ለማጥበብ ወደ እኔ አመጣች። አብሮት ያለው ወረቀት «ጂ» ይላል። ድንጋዩን ከጥፍሩ ፈትቼ በነጭ ወረቀት ላይ ስደፋው ቢጫነቱ ያለ ማነጻጸሪያ ይታያል። ወረቀቱን ያወጣው ማነው ብዬ ባየው ራሱ የሸጠው ሱቅ ነው። ሻጭ የራሱ ምስክር ሲሆን ምስክርነቱ ምን ያህል ይታመናል? ስለዚህ የሚገዛ ሰው የሚከተሉትን ነገሮች ልብ ቢል እመክራለሁ።

የደረጃ ወረቀቱ ከሻጩ ገለልተኛ በሆነ፣ ስሙ በታወቀ ላቦራቶሪ የተሰጠ ይሁን። በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ በድንጋዩ ወገብ ላይ በሌዘር ተጽፎ ስለሚገኝ በአጉሊ መነጽር እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ ወረቀትና ድንጋይ እንዲህ ይተዋወቃሉ። የሱቅ መብራት ለድንጋዩ ጠበቃ ነው፤ ያለ ይሉኝታ ወደ በር ይዛችሁ ውጡና በጥላ ሥር፣ በቀን ብርሃን፣ በነጭ ወረቀት ላይ ተመልከቱት። በትንፋሻችሁ እፍ ብትሉበት ለአፍታ ብልጭታው ስለሚጠፋ የገላው ቀለም ይታያል። አንድን ድንጋይ ለብቻው አትዩ፤ ሌላ አጠገቡ አስቀምጡ፤ ዓይን የሚያውቀው በማነጻጸር ነውና።

በወረቀቱ ላይ ድንጋዩ በአልትራቫዮሌት ጨረር የሚሰጠው ፍካትም ይጻፋል። ከመቶ ከ25 እስከ 35 የሚሆኑት አልማዞች እንዲህ ያለ ፍካት አላቸው፤ ብዙውን ጊዜም ሰማያዊ ነው። ሰማያዊው ፍካት በፀሐይ ብርሃን የድንጋዩን ቢጫነት ሊያለዝበው ይችላል። አልፎ አልፎ ግን ፍካቱ እጅግ ሲበረታ ድንጋዩን ጭጋግ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ በዓይን አይቶ መወሰን ነው።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ በፋብሪካ የሚሠራው አልማዝ ነው። ሰው አልማዝ መሥራት ከቻለ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ የጀመረ ነው፤ ዛሬ ለጌጥ የሚሆነው በብዛት ይወጣል። ካርቦኑም ጥንካሬውም ብልጭታውም ከተፈጥሮው ጋር አንድ ነው፤ እኔም ሆንኩ ሌላ ባለሙያ በባዶ ዓይን አንለየውም፤ መሣሪያ ያስፈልጋል። ዋጋው ከተፈጥሮው እጅግ ያነሰ ነው፤ «ዲ» እና «ኢ» በቀላሉ ይገኝበታል። ቡናማ የተፈጥሮ አልማዝንም በሙቀትና በግፊት አንጽቶ ነጭ ማድረግ ከ1999 እ.ኤ.አ ወዲህ በገበያ የታወቀ ነገር ነው። እነዚህን መግዛት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሳይናገሩ መሸጥ፣ ሳይናገሩም መስጠት ነው። ዋጋው ከገበያው እጅግ ረክሶ «ዲ» ሲባልላችሁ «የተፈጥሮ ነው ወይስ የፋብሪካ? ቀለሙስ በሰው እጅ የተነካ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

ዋጋውንም ለያይታችሁ ጠይቁ። በኸይበር ዘመቻ ጊዜ ፈዷላ ኢብን ዑበይድ የተባሉት ሶሐባ ወርቅና ጨሌ ያለበትን የአንገት ጌጥ በ12 ዲናር ገዝተው፣ ፈታትተው ሲያዩት ወርቁ ብቻውን ከ12 ዲናር በልጦ ተገኘ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እንዲህ ያለው ጌጥ ወርቁ ሳይለይ እንዳይሸጥ አዘዋል። የዚህን ዝርዝር ፍርድ ዑለሞቻችን ያስረዱናል፤ ለእኛ ለገዢዎች ግን ሌላም ጥበብ አለበት። ወርቁ ስንት ግራም ነው? ስንት ካራት ነው? ድንጋዩ ለብቻው ስንት ነው? የእጅ ሥራውስ? እዚህ ላይ «ካራት» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም እንዳለው አስታውሱ፤ በወርቅ ላይ የንጽሕና መለኪያ ነው፤ በአልማዝ ላይ ደግሞ ክብደት ሲሆን አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው። በአንድ ድፍን ዋጋ የተሸፈነ ቀለበት ብዙ ነገር ይሸፍናል። ነጭ ወርቅ ከሆነም ንጣቱ ብዙ ጊዜ ከላይ በተቀባው ሮዲየም እንደሆነና ከዓመታት በኋላ እንደሚለቅ፣ እንደገናም እንደሚቀባ ዕወቁ።

ቀለበቱ የመህሩ አካል ሆኖ የሚቆጠር ከሆነ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። መህር የሴቲቱ ሐቅ ነው፤ የአባትም የወንድምም አይደለም። የታወቀ መሆንም ይገባዋል። በኒካሕ ወረቀት ላይ «አንድ የአልማዝ ቀለበት» ብሎ ማለፍ ለነገ ክርክር በር መክፈት ነው። ክብደቱ፣ የቀለሙ ፊደል፣ የተፈጥሮ ወይም የፋብሪካ መሆኑ፣ የወረቀቱ ቁጥር ይጻፍ። ስጦታ ከሆነም ስጦታ መሆኑ ይነገር።

በሌላ በኩል ቀለበት የኒካሕ ሩክን እንዳልሆነ አንርሳ። ወሊይ፣ ምስክሮች፣ ኢጃብና ቀቡል ካሉ ያለ ቀለበትም ኒካሕ ይታሰራል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሊያገባ የፈለገን አንድ ድሃ ሰው ከብረት የተሠራም ቢሆን ቀለበት ፈልጎ እንዲያመጣ ጠይቀውት፣ እሱንም ባጣ ጊዜ ከቁርኣን በሚያውቀው አጋብተውታል። አልማዝ ለእጮኛ መስጠት የግድ የመሰለውም በጥንት ልማድ አይደለም፤ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ መጨረሻ አንድ የአልማዝ ኩባንያ በአሜሪካ ማስታወቂያ አስነጋሪዎችን ቀጥሮ ያስፋፋው ነገር ነው። የሰው ማስታወቂያ ያመጣብንን ነገር የልጆቻችን ጋብቻ መስፈርት አድርገን፣ ወጣቱን ዕዳ ውስጥ አንክተት። ለወንድ ሙሽራም ወርቅ እንደማይፈቀድ፣ ብር እንደሚበቃው የታወቀ ነው።

እናቶችና አክስቶች ሆይ፣ ቀለበት በእጃችሁ ሲገባ ወረቀቱን ከማንበባችሁ በፊት ሰጪው ምን እንደተናገረ ጠይቁ። ወጣት ወንድሞች ሆይ፣ አቅማችሁን ዕወቁ፤ የምትሰጡትን በስሙ ጥሩ፤ ወርቁን ከድንጋዩ፣ ድንጋዩን ከኪሳችሁ ጋር አስማሙ። እኅቶች ሆይ፣ የፊደሏን ትርጉም ዕወቁ፤ የባላችሁን ክብር ግን በእርሷ አትመዝኑ። ከ«ዲ» እስከ «ዜድ» ያሉት ፊደሎች ድንጋይን ከድንጋይ ለማነጻጸር የወጡ ናቸው፤ ሰውን ከሰው ለማነጻጸር አልወጡም።

አላህ (ሱ.ወ) ንግዳችንን በእውነት፣ ትዳራችንን በመተማመን ያስውብልን። የተጋቡትን ያዋዳቸው፤ ያልተጋቡትን ሷሊህ የትዳር ጓደኛ ይወፍቃቸው። አሚን።